ስንት ዙር ገባ?

ሞተሩ ከመኪናው ወጥቶ በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። ካምቢዮው ተላቆ ጥግ ላይ ተቀምጧል፤ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው ወርደዋል። አራት ብሎኖች የስታንዱን አራት ጣቶች ከሞተሩ ጀርባ ጋር አጋጥመዋል። የቀረው የክሬኑን ቫልቭ በጥቂቱ ከፍቶ ክብደቱን ከሰንሰለቱ ወደ ስታንዱ ማሻገር ብቻ ነው። ሞተር በማደስ ሥራ ውስጥ ከዚህች ቅጽበት አብልጬ የምጠነቀቅላት የለችም። እስካሁን ሞተሩ የተያዘው ከላይ ነው፤ ከአሁን በኋላ የሚያዘው ከአንድ ጎኑ ብቻ ነው።

ሥራውን ያስተማሩኝ አለቃዬ እዚህች ላይ ሲደርሱ፣ እጃቸውን ከክሬኑ እጀታ ሳያነሱ ሁልጊዜ አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ ነበር።

«ስንት ዙር ገባ?»

ብሎኑን ማለታቸው ነው። «ጠበቀ ወይ?» አይሉም፤ «ገባ ወይ?»ም አይሉም። ቁጥር ነው የሚፈልጉት። በሁለተኛው ዓመቴ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የቪትዝ ሞተር ልንሰቅል ተዘጋጀን። ዋን ኤንዜድ የሚባለው፣ ባለ 1.5 ሊትሩ፣ ብሎኩ አሉሚኒየም የሆነው ነው። ከየሞተሩ የተረፉ ብሎኖች ከሚጠራቀሙበት የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ጭንቅላታቸው የሚመሳሰል አራት መረጥኩ። በእጄ ሳዞራቸው ገቡ፤ በ14 ቁልፍ ስይዛቸው ጠበቁ።

«ስንት ዙር ገባ?»

«ጠብቋል ጋሼ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም ልጄ።»

«አልቆጠርኩትም፤ ግን ጥብቅ ብሏል።»

መልስ አልሰጡኝም። ሰንሰለቱን ሳያወልቁ ቫልቩን በትንሹ ነካ አደረጉት። ሰንሰለቱ አንድ ጣት ያህል ላላ። ሞተሩ አፍንጫውን ደፋ አደረገ፤ ወዲያው ከላይኛው የግራ ብሎን በኩል ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ወጣ፤ ሞተሩ ዘመም ብሎ እንደገና ሰንሰለቱ ላይ ተንጠለጠለ። ማንም አልተጎዳም። ሰንሰለቱ ባይኖር ሞተሩ ያርፍበት የነበረው ቦታ ላይ ግን የኔ እግር ነበር። ብሎኑን ስናወጣው ጫፉ ላይ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ቀጭን የአሉሚኒየም ክር ይዞ መጣ። ክሩ የብሎኩ ጥርስ ነው። ቆጠርነው፤ ይዞ የነበረው አራት ዙር ነው።

ያቺ አራት ዙር ለምን እንዳልበቃች ለማስረዳት ከሞተር ራቅ ብዬ ልጀምር። 20 ሊትር ውሃ የሞላ ጀሪካን ከጎኑ አንጠልጥሎ ከቦኖ እስከ ቤቱ የሚሄድ ሰው ብዙ ነው። ያንኑ ጀሪካን ክንድህን ወደፊት ዘርግተህ ያዝ ቢባል ግን ጉልበተኛውም አንድ ደቂቃ አይቆይም። ውሃው አልጨመረም። የጨመረው ከትከሻው ያለው ርቀት ነው። እናቶቻችን እንስራን ጀርባቸው ላይ አጣብቀው፣ ጎንበስ ብለው የሚሸከሙት ክብደቱ ከገላቸው እንዳይርቅ ነው፤ ከገላ የራቀ ሸክም ክብደቱ ሳይጨምር ይከብዳል።

የሞተር ስታንድ ክንዱን ወደፊት የዘረጋ ሰው ነው። ሞተሩን የሚይዘው ካምቢዮው ይጋጠምበት በነበረው ፊት ብቻ ነው፤ የሞተሩ ሌላው ገላ በሙሉ አየር ላይ ነው። ለምሳሌ 200 ኪሎ የሚመዝን ሞተር አለን እንበል። የክብደት ማዕከሉ ከጀርባው ፊት 30 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። የላይኞቹና የታችኞቹ ብሎኖች በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አላቸው። ሞተሩ በታችኞቹ ላይ ተደግፎ ላይኞቹን ሊነቅል ይጥራል። 200ን በ30 አባዝተን ለ20 ስናካፍል 300 ይመጣል። ሞተሩ 200 ኪሎ ሆኖ ሳለ የላይኞቹን ብሎኖች ወደ ውጭ የሚስባቸው በ300 ኪሎ ጉልበት ነው ማለት ነው፤ ለእያንዳንዳቸው 150 ይደርሳቸዋል። ክብደቱ ሳይለወጥ ሞተሩ ረዘም ቢልና ማዕከሉ 45 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ የሚስበው ጉልበት 450 ይሆናል። ለዚህ ነው እንደ ላንድክሩዘሩ ዋን ኤችዜድ ያለ፣ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር የደረደረ ባለ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ለስታንድ አስቸጋሪ የሚሆነው። ብረት በመሆኑ ከባድ ነው፤ ከክብደቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ርዝመቱ ነው።

ታዲያ ብሎኑ 150 ኪሎ መቻል ያቅተዋል? አያቅተውም፤ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይችላል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል የተጻፈበት ብሎን አለ። የመጀመሪያው 8 ብሎኑ እስኪበጠስ በእያንዳንዱ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን እንደሚችል ይናገራል፤ ሁለተኛው ደግሞ የዚያ 80 በመቶ ላይ ሲደርስ ተስቦ እንደሚቀር ነው። የዚህ ዓይነት፣ ውፍረቱ 10 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ብሎን ከ3 ቶን በላይ እስኪሳብ ድረስ ቅርፁን አይለቅም። 10.9 የተጻፈበት ደግሞ የበለጠ ነው። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን የበር ማጠፊያ ይሥራ፤ ሞተር አይያዝበት።

እንግዲህ የሚሸነፈው ብሎኑ የነከሰው ጥርስ ነው። ብሎን ክብደት የሚሸከመው ቀዳዳው ውስጥ በገባው ርዝመት ልክ ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ርዝመቱ ጌጥ ነው። ብሎኩ ብረት ከሆነ ቢያንስ የውፍረቱን ያህል መግባት አለበት። አሉሚኒየም ከሆነ የውፍረቱን አንድ ተኩል፣ ቢቻል ሁለት እጥፍ። በብዙ የጃፓን ሞተሮች ላይ የ10 ሚሊ ሜትሩ ብሎን አንድ ዙር ሲዞር 1.25 ሚሊ ሜትር ይገባል። ስለዚህ ብረት ብሎክ ላይ 8 ዙር፣ አሉሚኒየም ላይ ከ12 እስከ 16 ዙር ያስፈልጋል። የኔዎቹ አራት ዙር 5 ሚሊ ሜትር ነበሩ። የአለቃዬ ጥያቄ ይህን ሁሉ ሒሳብ በሦስት ቃል የያዘ ነበር። እሳቸው የተማሩት ከትምህርት ቤት አይደለም፤ ከተላጡ ጥርሶች ነው።

በጋራዥ አነጋገራችን ውስጥ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ብሎንን የምንጠራው በቁልፉ ነው፤ «ባለ 14 አምጣ»፣ «ባለ 17 ነው» እንላለን። ቁልፉ የሚነግረን ግን የጭንቅላቱን ስፋት እንጂ የብሎኑን ውፍረት አይደለም። በጃፓን መኪና ባለ 14 ጭንቅላት ብዙውን ጊዜ የ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ነው፤ ባለ 17 ደግሞ የ12። በቀድሞው የጀርመን ልክ ግን ባለ 17 ጭንቅላት የተቀመጠው የ10 ሚሊ ሜትር ብሎን ላይ ነው። ሁለቱም ጣሳው ውስጥ አሉ፤ ሁለቱም ባለ 17 ናቸው። በዚያ ላይ የጥርሱ ስፋት ይለያያል። 10 ሚሊ ሜትር ሆኖ በዙር 1.5 የሚገባ ብሎን፣ ለ1.25 በተሠራ ቀዳዳ ውስጥ ሲገባ አንድ ሁለት ዙር ይሄድና ይነክሳል። ልጁ ቁልፍ ይይዝና ይገፋዋል፤ ጥርሱን እያበላሸ ይገባል። ሲጠብቅ የሚሰማው ስሜት ከትክክለኛው ጥብቀት ጋር አንድ ነው። እጅ ለዚህ ዳኛ መሆን አይችልም። በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው የማይገባ ብሎን የዚያ ቀዳዳ ብሎን አይደለም።

ልኩን ማወቅ ቀላል ነው። ቀጭን ሽቦ ቀዳዳው ውስጥ እስከ ወለሉ ይገባል፣ አፉ ላይ በጥፍር ይያዛል፣ ወጥቶ በማስመሪያ ይለካል። ጥልቀቱ 25 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል። ብሎኑ የሚያልፍበት የስታንዱ ጣት ርዝመት 40 ቢሆን፣ ሮንዴላው 2 ቢሆን፣ 60 ሚሊ ሜትር ብሎን ብንገዛ 18 ቀዳዳው ውስጥ ይገባል ማለት ነው፤ ጥሩ ነው። 70 ብንገዛ ግን 28 ሊገባ ይሞክርና 25 ላይ ወለሉን ይመታል። ይህ ሌላው ስውር ወጥመድ ነው። ወለል የመታ ብሎን ቁልፉን ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ጣቱን ከብሎኩ ጋር ግን አልጨመቀም። ብልሃቱ ሮንዴላውን መንካት ነው። ብሎኑ «ጠብቆ» ሮንዴላው በጣት የሚሽከረከር ከሆነ፣ ያ ብሎን ምንም አልያዘም።

የካምቢዮውን የገዛ ራሱን ብሎኖች ልጠቀም የሚል ሐሳብ ለብዙ ሰው ይመጣል። ጥርሳቸው በእርግጥ ትክክለኛ ነው። ርዝመታቸው ግን የተለካው ለካምቢዮው ውፍረት እንጂ ለስታንዱ ጣት አይደለም፤ አንዳንዶቹ ያጥራሉ፣ አንዳንዶቹ ይረዝማሉ። አንዱን ወደ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ሱቆች ለናሙና ይዞ ሄዶ፣ በዚያው ጥርስ የሚፈለገውን ርዝመት 8.8 ምልክቱን አይቶ መግዛት ይሻላል። አራት ብሎን ነው። አንድ የተላጠ ቀዳዳ ቶርኖ ቤት ተወስዶ፣ ተበስቶ፣ ቡሽ ተሠርቶለት እስኪመለስ ከሚያስወጣው ገንዘብና ቀን ጋር አይነጻጸርም። በነገራችን ላይ የኔ ጥፋት ውጤት የሆነው ቡሽ ከተሠራ በኋላ ያ ሞተር መኪናው ውስጥ ገብቶ ሥራውን ቀጥሏል፤ ለኔ ግን የዚያ ሳምንት ጭንቀት እስካሁን ከእጄ አልወጣም፤ ብሎን ባስገባሁ ቁጥር እቆጥራለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢ «ይህ ሁሉ ጣጣ ከሆነ ለምን ስታንድ አስፈለገ?» ቢለኝ አልፈርድበትም። በጋራዥ ቋንቋችን ውስጥ ቴስታታ፣ ቢዬላ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ሞቶሪኖ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ ስታንድ ግን የእንግሊዝኛ ስሙን ይዞ ነው የሚጠራው። ከስሙ ስገምት ከነዚያ በኋላ የመጣ እንግዳ ይመስለኛል። የቀደሙት መካኒኮች ሞተር የሚፈቱት አሮጌ ጎማ ላይ አስቀምጠው ነበር፤ ዛሬም ብዙ ቦታ እንደዚያው ነው። ጎማ ላይ የተቀመጠ ሞተር አይወድቅም። ይህን በግልጽ ልናገር፦ መጥፎ ስታንድ ላይ ከተሰቀለ ሞተር ጎማ ላይ የተቀመጠው ይሻላል።

ጎማው የሚያስከፍለው ግን ሌላ ነው። በክራንክሻፍቱና በብሮንዚኑ መካከል ያለው፣ ዘይት የሚያልፍበት ክፍተት የሚለካው በሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ የሰው ፀጉር አይገባበትም። ከመሬት የተነሳ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከዚያ ክፍተት በእጅጉ ትበልጣለች። ሞተሩ መሬት ላይ በተገለበጠ ቁጥር፣ ሰው ባጠገቡ ባለፈ ቁጥር፣ ንፋስ በገባ ቁጥር ቅንጣቶቹ ዘይት ወደነካው ብረት ይሄዳሉ። ገና በሬክቲፊካ የተስተካከለ ክራንክሻፍት በጥቂት ወራት ተቧጭሮ ሲመጣ ባለቤቱ ብሮንዚኑን ይረግማል። ስታንድ ሞተሩን ከአቧራው ወደ ወገብ ከፍታ ያነሳዋል፤ ሳያነሱትና ሳይጥሉት ይገለብጡታል፤ የሚሠራውም ሰው ቀኑን ሙሉ ቁጢጥ አይልም። የወገቡ ነገር ቀላል እንዳይመስል፦ አለቃዬ በ50ዎቹ ዕድሜያቸው ቀና ብለው መራመድ አይችሉም ነበር።

ስታንዱን ስንመርጥ መጀመሪያ የሚታየው ላዩ ላይ የተለጠፈው ቁጥር ነው። ብዙዎቹ ከውጭ የሚመጡ፣ በተለይ አሜሪካ ያለ ዘመድ ገዝቶ በኮንቴይነር የሚልካቸው፣ አቅማቸው የተጻፈው በፓውንድ ነው። 1000 የሚል ያየ ሰው ቶን የሚሸከም ይመስለዋል፤ 1000 ፓውንድ 454 ኪሎ ነው። 750 የሚለው 340 ኪሎ ነው። ይህም ቢሆን ለአጭር ሞተር ነው፤ ከላይ እንዳየነው ርዝመቱ ሲጨምር ያ ቁጥር የሚያዋጣው ያነሰ ይሆናል። ከሞተሩ ክብደት እጥፍ የሚችል ስታንድ ካልሆነ እኔ አልሰቅልም።

ቀጥሎ እግሩ ነው። ባለ ሦስት እግሩ ከፊት አንድ ጎማ ብቻ አለው፤ ርካሽ ነው፣ ቦታም አይይዝም። ሞተሩ በቀጥታ ወደፊት እስከተንጠለጠለ ድረስ ይቆማል። ሞተሩን ሲያዞሩት ወይም ጎኑ ላይ ያለ ብሎን በረጅም ቁልፍ ሲስቡ ግን ከፊቱ ወደ ጎን የሚደግፈው የለም። ባለ አራቱ ከፊትም ከኋላም ሁለት ሁለት እግር ስላለው ይሻላል። በሁለቱም ላይ የሚታይ አንድ ነገር አለ፤ የፊት እግሩ ጫፍ ከሞተሩ መሃል አልፎ መውጣት አለበት። ሞተሩ ከእግሩ አልፎ ከተንጠለጠለ ስታንዱ ወደፊት ለመደፋት የሚጠብቀው አጋጣሚ ብቻ ነው።

አገር ውስጥ በበያጆች የሚሠሩ ስታንዶች አሉ፤ አንዳንዶቹ ከሚመጡት ይበልጣሉ፤ ብረታቸው አይሳሳም። የምመክረው የቆመውን ምሰሶ ማየት ነው። ሰው የሚጠረጥረው ምሰሶው ከመሠረቱ ጋር የተበየደበትን ቦታ ብቻ ነው። ሞተሩ ግን ምሰሶውን ለማጠፍ የሚጠቀምበት ጉልበት ከላይ እስከታች አንድ ነው፤ ላይ ያለው፣ ጣቶቹን የያዘው ጠፍጣፋ ብረት የሚገባበት ቱቦ የተበየደበት ቦታም እኩል ይጨነቃል። ስለዚህ ሁለቱም ቦታ ዙሪያውን የተበየደ እንጂ በነጥብ በነጥብ የተያያዘ መሆን የለበትም፤ ከምሰሶው ወደ ፊት እግሩ የሚወርድ ሰያፍ ድጋፍ ካለው እሰየው። አዲስ ስታንድ ሲመጣ የምሞክረው በሲሚንቶ ነው። አንድ ከረጢት 50 ኪሎ ነው። 200 ኪሎ ሞተር ለመስቀል ካሰብኩ፣ ጠፍጣፋው ብረት ላይ ጠንካራ የብረት ክንድ በብሎን አጋጥሜ፣ የሞተሩ መሃል ሊሆንበት በሚችለው ርቀት ላይ አምስት ከረጢት በሰንሰለት አንጠለጥላለሁ፤ ከመሬት አንድ ስንዝር እንኳ አላነሳቸውም። ሌሊቱን ያድራል። ጠዋት ምሰሶው ዘሞ፣ የብየዳው ቀለም ተሰንጥቆ ከተገኘ፣ ያ ስታንድ ለበያጁ ይመለሳል።

አሁን ወደ ሥራው። ሞተሩን የሚያነሳው ሰንሰለት በሁለት ቦታ ሲያዝ የሚሠራው ማዕዘን ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ሰንሰለቱ ረጅም ሆኖ ወደ ላይ ሹል ሲሆን፣ ከአግድሙ 60 ዲግሪ ሲቆም፣ እያንዳንዱ ወገን የሞተሩን ክብደት 58 በመቶ ይሸከማል። ጣራው ዝቅተኛ ነው ተብሎ ሰንሰለቱ ሲያጥርና ወደ 30 ዲግሪ ሲተኛ ግን እያንዳንዱ ወገን ሙሉውን ክብደት ይሸከማል። ሁለት ሆነው አንዱም አልቀለለውም። ገመድ ደግሞ በስለታም ብረት ጠርዝ ላይ እየተፋተገ ሲሄድ ማንም አያየውም፤ ሞተር በሰንሰለት ወይም ለማንሻ በተሠራ ጠፍር እንጂ በገመድ አይነሳም።

ዘይቱና ውሃው ከወጡ በኋላ፣ ስታንዱን ወደ ሞተሩ ከማስጠጋት በፊት፣ የሚሽከረከረው ጠፍጣፋ ብረት ከነቱቦው ከምሰሶው ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን አያደርግም። ሞተሩ እየተወዛወዘ፣ ስታንዱ በጎማው እየሸሸ፣ አንዱ እየገፋ ሌላው ቀዳዳ እየፈለገ ብሎን ለማስገባት ይታገላል፤ ጣት የሚቀጠቀጠው ያኔ ነው። ጠፍጣፋውን ለብቻው ይዞ፣ አራቱን ጣቶች ላላ አድርጎ፣ እያንዳንዱን ከየቀዳዳው ፊት ማድረስ ቀላል ነው። በመጀመሪያ ጣቶቹን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኙት ብሎኖች በእጅ ይገባሉ፤ ዙሩ ይቆጠራል፤ ከዚያ ይጠብቃሉ። ጣቶቹን ከጠፍጣፋው ጋር የሚያስሩት የሚጠብቁት ከዚያ በኋላ ነው። ተገልብጦ ከተሠራ ጣቶቹ ቀዳዳውን በግድ ይስባሉ፤ ብሎኑ ገና ክብደት ሳያገኝ ተጣሞ ይገባል። ብሎኩ ላይ የቆሙ የማጋጠሚያ ፒኖች ካሉ ጣቱ እነሱ ላይ እንዳያርፍ ማየት ያስፈልጋል፤ ፊቱ እኩል ካልሆነ በልኩ የተቆረጠ ወፍራም ቱቦ መሃል ይገባል፤ ሮንዴላ እንደ እንጀራ መደራረብ አይበጅም።

ከዚያ ቱቦው ወደ ምሰሶው ይገባል፣ እንዳይዞር የሚያግደው ፒን ይገባል፣ ቫልቩ በጥቂቱ ይከፈታል። ሰንሰለቱ አንድ ጣት ላልቶ ይቆማል። ለአምስት ደቂቃ ምንም አይሠራም። ሞተሩ አፍንጫውን ይደፋል? አንዱ ጣት ከብሎኩ ፊት ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ፈጥሯል? ጎማዎቹ አራቱም መሬት ነክተዋል? የማንም እጅ፣ የማንም እግር ከሞተሩ በታች አይሆንም፤ ሰንደል ጫማ ያደረገ ልጅ ቀድሞ ይወጣል።

ሰንሰለቱ ከመውለቁ በፊት የሚቀር አንድ ፈተና አለ፤ ብዙ ሰው የሚያልፈውም ይህንኑ ነው። ሞተሩ የሚዞረው በቱቦው መሃል በሚያልፍ መስመር ዙሪያ ነው። የክብደት ማዕከሉ በዚያ መስመር ላይ ካረፈ ሞተሩ በአንድ እጅ ይዞራል፤ ባቆሙትም ይቆማል። ከመስመሩ በላይ ካረፈ ፒኑ በተነቀለ ቅጽበት ተገልብጦ ይወርዳል፤ ሞተሩን የሚያዞሩበት እጀታም እንደ ዱላ ይመጣል። 150 ኪሎ ሞተር ማዕከሉ ከመስመሩ 10 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፣ ግማሽ ሜትር በሆነ እጀታ ለመያዝ 30 ኪሎ ጉልበት ይጠይቃል፤ ያም ሰውየው ከተዘጋጀ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ላላ እንዳለ አንዱ እጀታውን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ሌላው ፒኑን ይነቅላል፣ ሞተሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ይፈተሻል። ቴስታታው ገና ያልወረደ ሞተር ማዕከሉ ከክራንክሻፍቱ መስመር ከፍ ይላል፤ ጠፍጣፋውም በዚያው ልክ ከፍ ብሎ መያዝ አለበት። አንድ ወገን ከከበደ ክብደቱ ወደ ሰንሰለቱ ይመለስና ጣቶቹ እንደገና ይስተካከላሉ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

ይህም አንዴ ተስተካክሎ የሚቀር ነገር አይደለም። ቴስታታው ሲወርድ ከላይ ብዙ ኪሎ ስለሚቀንስ ማዕከሉ ወደ ታች ይሄዳል። ክራንክሻፍቱ ሲወጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ ላይ ይሄዳል። ጠዋት በአንድ እጅ የዞረ ሞተር ከምሳ በኋላ ሌላ ሞተር ነው። ፒን በተነቀለ ቁጥር መጀመሪያ እጀታው ይያዛል። ሲገለበጥ የቀረ ዘይት መፍሰሱ ስለማይቀር ከሥር ሳፋ፣ ከሳፋው ዙሪያ ሰጋቱራ ይደረጋል፤ ዘይት ላይ የተንሸራተተ ሰው የሚይዘው ያገኘውን ነው፤ ያገኘውም ሞተሩን ነው።

ስታንድ ጎማ ስላለው ጋሪ አይደለም። የጎማው ቁመት ጥቂት ጣት ነው፤ ሊሾው ላይ ያለ ስንጥቅ ወይም አንዲት ጠጠር ያቆመዋል፤ ከላይ ያለው ሞተር ግን አይቆምም። መንቀሳቀስ ካለበት መሬቱ ይጠረጋል፣ ሁለት ሰው ይይዘዋል፣ በረጅሙ በኩል በቀስታ ይሄዳል። የቴስታታ ብሎን በከባድ ጉልበት ሲጠብቅም አንዱ ስታንዱን ይይዛል፤ ለረጅም ሞተር ከፊት በኩል ክሪክ አስገብቶ እንጨት ደርቦ መደገፍ እኔ ግዴታ አድርጌዋለሁ።

መጨረሻ ላይ ሥራው ወደኋላ ይመለሳል። ሰንሰለቱ ሳይያዝ፣ ሳይወጠር፣ ክብደቱ ሙሉ በሙሉ ወደሱ ሳይመለስ ምንም ብሎን አይነካም። ስታንዱ የሸፈነው ጀርባ ስለነበር የኋላው የዘይት ማኅተምና ቮላኖው የሚገቡት ሞተሩ ከስታንዱ ወርዶ ገና በተንጠለጠለበት ሰዓት ነው፤ እሱም ከሥሩ ጠንካራ ጠረጴዛ ወይም ያው የተባረከ አሮጌ ጎማ ተደርጎ። አራቱ ብሎኖች ወደ ጣሳው አይመለሱም። እኛ ጋ የየሞተሩ ብሎኖች ከነሮንዴላቸው በሽቦ ታስረው ስታንዱ አንገት ላይ ይንጠለጠላሉ፤ ከላሜራ በተቆረጠች ትንሽ ሰሌዳ ላይ የሞተሩ ስም ተቀርጿል፤ ከስሙ ሥር ደግሞ ቁጥር አለ። የዋን ኤንዜዱ ሰሌዳ ላይ 14 ይላል።